ገፈርሳ ላይ ሞገድ ስንይዝ

ባሕር አይቼ አላውቅም። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ግን የባሕር ሞገድ ላይ ነው። ይህን ሰምቶ ያልሳቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ርዕሴን የነገርኳት የባዮሎጂ መምህርት የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ለካ አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የሚባለው ላንቺ ኖሯል! የት ልትሞክሪው ነው? ገፈርሳ?»

ለቀልድ ነበር ያለችው። እኔ ግን ክፍል ገብቼ ሳስተምርም፣ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍም ሳስበው ዋልኩ። ገፈርሳ ከተከራየሁበት የቡራዩ ቤት ሩቅ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዛፉ በኩል ነፋስ ሲነሣ የግድቡ ውሃ ይሸበሸባል። ትንሽም ቢሆን ሞገድ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በበጋ የናይለን ሹራብ በራሳችሁ ላይ ስታወልቁ ጠጠጠ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ክፍሉ ጨለምለም ካለ ብልጭታም ታያላችሁ። ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ሲፋተጉ አንዱ ከሌላው ኤሌክትሪክ ይሰርቃል። ሲለያዩ የተሰረቀው ወደ ቤቱ መመለስ ይፈልጋል፤ መንገዱ ላይ ሽቦ ካስቀመጣችሁለት በሽቦው ያልፋል። ባሕር ያላቸው አገሮች ተመራማሪዎች ይህን ፍትጊያ ኳስ ውስጥ አሽገው ውሃ ላይ ይጥሉታል። ሞገዱ ኳሱን ሲያናውጠው ውስጡ ያለው ሲንከባለልና ሲፋተግ ይውላል። ነዳጅ የለ፣ ተርባይን የለ። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩት መብራት በጠፋበት ቤት ውስጥ፣ ባትሪው ሊያልቅ በደረሰ ስልክ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ሌላው ስለ እኔ መታወቅ ያለበት ነገር ፈሪ መሆኔ ነው። ጓደኞቼ «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ያበሽቁኛል። እናቴ ከሞተች ስለቆየች ፍርሃቴ የተረፈው ለአባቴ ነው፤ ሌላ ማንም የለኝም። ውሃ እፈራለሁ፣ ዋና አልችልም። ፍተሻ እፈራለሁ፤ ደብተርና ጠመኔ ብቻ የያዘ ቦርሳዬ ሲከፈት እንኳ አንድ ነገር ደብቄ የተያዝኩ ይመስል ልቤ ይመታል። በእነዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ደግሞ ለፈሪ ምክንያት አይታጣም። ጠዋት ሱሉልታ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ ከሰዓት ቡራዩ ተኩስ ተሰማ ይባላል፣ ማታ ሁሉም ውሸት ነበር ይባላል። ሰው ሲያወራ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ አሁን የት ነው? ስልክ ብደውልለት አይሰማም።

አባቴ የሚኖረው ሰበታ ነው። ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ማሽኖቹ ጆሮውን በልተውታል። የግራው ጨርሶ ሞቷል፤ የቀኙ አፍ አስጠግተው ከጮሁበት ይሰማል። ራሱም ሰው ሁሉ እንደ እሱ የማይሰማ እየመሰለው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ታክሲ ውስጥ የቤታችንን ምሥጢር ሁሉ ሕዝብ ይሰማዋል።

ስለ ጥናቴ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሳልኩ ሳስረዳው ግን ያልሳቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሥዕሉን አይቶ ጉልበቱን መታ።

«ይሄ እኮ ክር ሲቆጣ ነው!» አለ።

ፋብሪካ ውስጥ የሚሉት ነው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ የናይለኑ ክር ማሽኑ ላይ ሲፋተግ ይቆማል፣ ይጣበቃል፣ ጣት ሲያስጠጉት ጠቅ ያደርጋል። ያኔ «ክሩ ተቆጣ፣ ውሃ አምጡ» ይባላል፤ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጫል፤ አየሩ ሲረጥብ ክሩ ይበርዳል። አባቴ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ በደስታ እየተመለከተኝ፣ «ሠላሳ ዓመት በውሃ ስናበርደው የኖርነውን፣ አንቺ ውሃ ላይ ልታስቆጪው ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጥናቱ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ፊቱ በርቶ አላየሁትም።

ኳሱን የሠራው እሱ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህኖች አፍ ለአፍ ገጠመ። ውስጣቸውን የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም ለበጠው፤ በዚያ ላይ ከፋብሪካ ዘመኑ የቀረ የናይለን ጨርቅ አለበሰ። ውስጡ የምትንከባለለውን ትንሽ ኳስ የቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ጠቀለላት። ናይለንና ቴፍሎን ሲፋተጉ እንደ እነሱ የሚቆጣ የለም። መጋጠሚያውን በማስቲሽ ለጥፎ በመኪና ጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ አሰረው፤ ጠብታ ውሃ ከገባ ክሩ ይበርዳላ። አምፖሎቹን እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፤ እንደ ምስር ያሉ ጥቃቅን ቀይ አምፖሎች። ቀይ የሆኑት ከሌሎቹ ባነሰ ኃይል ይበራሉ። እንዳይረጥቡ ብለን ከኳሱ አናት በቆመ አንድ ክንድ በሚያህል ሽቦ ላይ ደረደርናቸው። አሁን ሳስበው ያቺን ኳስ ያየ ሰው ምን ሊላት እንደሚችል ሁለታችንም ለአፍታ አለማሰባችን ይገርመኛል። ፈሪዋ እኔ እንኳ አላሰብኩም። ከሠሩት ነገር ጋር ፍቅር ሲይዝ እንዲህ ነው።

ሰበታ በአባቴ ቤት ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ሞከርናት። መጋረጃውን ዘግተን ውሃውን በእጃችን ስናናውጠው ቀዮቹ ብልጭ አሉ። አባቴ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። አማካሪዬ ግን ቪዲዮውን አይተው፣ «ሳፋ ባሕር አይደለም። ነፋስ ያነሣው ሞገድ ላይ ብልጭ ትበልልኝና ምዕራፉን እቀበላለሁ» አሉኝ። ኮረንቲ የሚለካው የእኔ ቴስተር ይህን ዓይነቱን ረቂቅ ነገር አያነብም፤ ስለዚህ ማስረጃዬ የአምፖሎቹ መብራት ብቻ ነበር። በራች ወይስ አልበራችም፣ እሱን በዓይኔ አይቼ መጻፍ ነበረብኝ።

አማካሪዬ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ሰጡኝ። ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ይዤው አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንድ ቀን የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንድ ቀን መስክ ወጥቷል፣ አንድ ቀን ደግሞ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ተባልኩ። ለሚመለከተው ሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ የሚመለከተው ሰው አጣ። ጽሑፍ የማስረክብበት ቀን ደርሶ ነበር። አባቴ፣ «ውሃ ዳር ለመቆም ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?» አለ። እንደማይሆን አውቅ ነበር፤ የከተማ መጠጥ ውሃ ነው። አውቄ ተስማማሁ። ይህን ጥፋት ለማንም አላካፍልም።

እሑድ ዕለት ኳሷን በዘንቢል ይዞ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ቡራዩ መጣ። ቤቴ ምሳ በልተን ወደ ገፈርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ዘንቢሉን አይቶ፣ «ፋዘር፣ ኳስ ሜዳ ነው እንዴ?» አለው። አባቴ አልሰማውም፤ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀለት። ፍተሻ ጋ ስንደርስ አንድ ፖሊስ በመስኮት አንገቱን አስገባ። ዓይኑ ዘንቢሉ ላይ አረፈ። «እለፉ» አለ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የፈራሁት ደርሶ ያለፈ መሰለኝና በእፎይታ ተነፈስኩ።

ከአስፋልቱ ወርደን በባሕር ዛፎቹ መካከል ወደ ውሃው ሄድን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ነፋሱ ግን በዚያን ቀን ሰነፈ፤ ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። አባቴ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ።

«ዳር ላይ ሳሩ ይይዛታል። ገባ ብዬ ልልቀቃት፤ አንቺ አምፖሉን እያየሽ ጻፊ» ብሎ ጮኸ።

ኳሷ የታሰረችበትን ገመድ በወገቡ አስሮ ኳሷን እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ውሃው ጉልበቱን አለፈ፣ ጭኑ ደረሰ። ኳሷን ከፊቱ አስቀምጦ በቀስታ እየገፋ ወደ ውስጥ ይራመዳል። እኔ ደብተሬን ይዤ ዳር ላይ ቆሜ፣ «አባዬ ይበቃል፣ አትራቅ» እላለሁ፤ ለራሴ ነው የምለው።

ከኋላዬ ኮሽ ሲል ዞርኩ። ሁለት ጠባቂዎች ነበሩ። አንዱ ካፖርት የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ነው። ሌላው ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት፤ ክላሽ ይዟል።

«ማል ጎቻ ጅርታ?» አለኝ ወጣቱ። ምን እየሠራሽ ነው ማለቱ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም።

«አካም ኦልተን» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁት እየተንተባተብኩ። ቀጥዬ በአማርኛ፣ «ሞገድ ልንይዝ ነው» አልኩት።

ከዓለም አረፍተ ነገሮች ሁሉ መርጬ ያን ነው የተናገርኩት። ወራት ሙሉ ከመጻሕፍቴ ጋር ስኖር ሞገድ ለእኔ የውሃ ብቻ ሆኖ ነበር። ለሌላው ሰው ግን ሞገድ የሬዲዮ ነው። ሰው ሞገድ ያዝኩ ካለ ጣቢያ አገኘሁ ማለቱ ነው።

«የማንን ሞገድ?» አለኝ።

«የራሱን» ብዬ ወደ ውሃው ጠቆምኩ። እሱ ጣቴን ተከትሎ ሲያይ ያየው ሽቦ የቆመላት ክብ ነገር እየገፋ ወደ ግድቡ ውስጥ የሚሄድ ሰው ነው።

«ከማን ነው የምትቀበሉት?»

«ከነፋስ» አልኩ። በእውነት ከልቤ ነው ያልኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ ያሾፍኩበት መሰለው።

ያኔ ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ። ያድነኛል ብዬ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይ «የባሕር ሞገድ ኃይል ጥናት» ይላል። ጣቱን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደ አነበበ፤ መሐል ያለውን ቃል ዘለለው መሰለኝ።

«የባሕር... ኃይል?» ቀና ብሎ አየኝ። «ባሕር ኃይል ነሽ?»

ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። «አይደለሁም፣ እዚህ ላይ ኃይል ማለት ጉልበት ማለት ነው፣ ማለቴ መብራት የሚሰጥ» እያልኩ ቃል በቃል ላይ ስደራርብ፣ እያንዳንዱ ቃሌ ነገሩን እያባሰው እንደሆነ ከፊቱ አነብ ነበር። ሞገድ፣ አንቴና፣ ባሕር ኃይል፣ የሕዝብ መጠጥ ውሃ። የእሱን ሥራ የሚሠራ ሰው እነዚህን ሲደምራቸው ምን እንደሚያገኝ ይገባኛል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር።

ትቶኝ ወደ ውሃው ዞረ። «አንተ! ውጣ!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ መራመዱን ቀጠለ።

«ዻበዹ! ቁም ብዬሃለሁ!»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ኳሷን አስተካከለ። ሥራ ሲይዝ እንደሚያደርገው እያንጎራጎረ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

«አይሰማም!» አልኩት የወጣቱን ክንድ ለመያዝ እየቃጣሁ። «አይሰማም እኮ!»

«እንዴት ነው የማይሰማው?» አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር። «አሰማዋለሁ!»

ክላሹን አቀባበለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስንት ጊዜ በራሴ ውስጥ እንደደገምኩት አላውቅም። አይሰማም ያልኩት ጆሮውን ነበር፤ ወጣቱ የሰማው ትእዛዝ የማይቀበል እልኸኛ ሰው ነው። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችኝ፣ እሷም ከዳችኝ። ደንቆሮ ነው ብል ኖሮ ያልቅ ነበር። ግን ይህን ቃል በአባቴ ላይ አፌን ከፍቼ ተናግሬው አላውቅም፤ በዚያች ሰዓትም አልመጣልኝም። ፍርሃት ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አላውቅም ነበር። ለመጮህ ስሞክር የወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። ወደ ውሃው ብሮጥ ወጣቱ ይደነግጣል። ዝም ብል አባቴ ሌላ እርምጃ ይራመዳል።

ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ሠራተኞች አይጠራሩም። ባዶ የክር መጠቅለያ ከሰውዬው ፊት ይወረውራሉ፤ ያየ ይዞራል። እኛም ቤት አባቴን የምንጠራው እንዲያ ነበር፤ እናቴ ካልሲ ጠቅልላ ትወረውርለት ነበር። እጄ ከእኔ ቀድሞ አሰበ። ጡጫ የምታህል ድንጋይ አንሥቼ ባለኝ ጉልበት ሁሉ በአባቴ ራስ ላይ አሳልፌ ወረወርኩ።

ኳሷ አጠገብ ወደቀች። ውሃው ተረጨ። ክቡ ሞገድ እየሰፋ ሲሄድ አየሁ እንዳልል አላየሁም፤ እኔ የማየው ምላጩ ላይ ያለችውን የወጣቱን ጣት ነበር። በሕይወቴ አንድም ነገር እንደዚያች ጣት አተኩሬ አይቼ አላውቅም። ጥፍሯ ሥር ጭቃ ነበረባት። ስትታጠፍ አየኋት።

ሽማግሌው እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ዱላቸውን ጥለው በመዳፋቸው አፈሙዙን ወደ መሬት ደፈቁት።

«ዺሲ! ጉሪ ኢሳ ህንዸገኡ!»

ተወው፣ ጆሮው አይሰማም ማለታቸው ነው። ለካ አባቴ ድንጋዩን አይቶ ዞሮ ነበር። ፈገግ ብሎ የቀኝ መዳፉን ከጆሮው ጀርባ አስደግፎ ቆሟል።

«ምን አልሽ?» ብሎ ጮኸ ከውሃው ውስጥ።

ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ወደ ጥበቃ ቤታቸው ወሰዱን፤ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። ወጣቱ ኳሷን ውጭ፣ ከሁላችንም ርቆ በቢላዋ ከፈታት። ካላማዳሪውን ቆረጠ፣ ሳህኖቹን አላቀቀ፣ ናይለኑን ገለጠ። ያገኘው በነጭ የተጠቀለለች ትንሽ ኳስ ነው። አንሥቶ አገላብጦ አያት። ሽማግሌው ደግሞ ከእኔ ጋር ተቀምጠው በትዕግሥት ያስጨርሱኝ ጀመር።

«ኦቦ፣ ሞገድ ያልኩት እኮ» አልኩ፤ ቃሉን ዳግመኛ ለመጥራት ፈርቼ በእጄ የውሃውን አካሄድ ሠራሁላቸው፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ።

«ዳምበሊ!» አሉ። «የውሃ ሞገድ፣ ዳምበሊ ቢሻኒ ነዋ! ምነው እንዲያ አትዪም ነበር ልጄ?» ብለው ሳቁና ለወጣቱ በኦሮምኛ ነገሩት። እሱ አልሳቀም።

ስልክ ተደወለ፣ ተጠበቀ፣ መታወቂያችን ፎቶ ተነሣ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ ተባልኩ፤ ማስፈራሪያው አያስፈልገኝም ነበር። ኳሷ እዚያው ቀረች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አባቴ ሱሪው ውሃ እያንጠባጠበ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። ስለ መሣሪያው የተረዳው ጥቂት ነው። ሲዞር አፈሙዙ መሬት ላይ ነበርና የተቆጡን ብቻ መስሎት ሊተኩሱ ነበር የሚል ነገር መጀመሪያ አልመጣለትም።

«በራች ወይ?» ይላል ጮክ ብሎ። «ወደ አንቺ ስዞር ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። አይተሻል? በራች?»

በጣቴ ዝም እንዲል አመለከትኩት። ለዚያች ብልጭታ ብዬ አባቴን ውሃ ውስጥ አስገብቼ እኔ ራሴ አላየኋትም።

አስፋልቱ ድረስ ወጣቱ ሸኘን። አባቴ ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ቀድሞ ነበር። ወጣቱ ክላሹን ከኋላው አንግቶ ጥቂት እርምጃ ሄደና፣ «መምህር» አለኝ። እስከዚያ አንቺ ብቻ ነበርኩ። «ይቺ ነገር መብራት አላት አይደል? ቀይ?»

«አዎ።»

«በርታ ነበር።»

ቆምኩ። «መቼ?»

«ድንጋዩን ስትወረውሪ። ውሃው ሲመታት ሁለቴ ብልጭ ብልጭ አለች።» የክላሹን ማንገቻ አስተካከለ። «እስከዚያ ወደ ላይ ልተኩስ ነበር፤ ለማስፈራራት። ቀዩን ሳይ ልትፈነዳ ነው ብዬ ወደ አባትሽ አዞርኩት። ጣቴ ምላጩን መሳብ ጀምራ ነበር እኮ። ሽማግሌው ባይዙኝ...»

ጣቱን አሳየኝ። ከእኔ በዕድሜ ብዙ ያንሳል። እሱም ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እህል እንዳልበላ ይመስለኛል።

አሁን ድረስ ስለ ሞገድ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ ይዤ ክብ በክብ ላይ ስስል፣ እጄ መሐል ላይ ይቆማል። ክፍሉ ቢሞቅም ይበርደኛል። ያቺ ድንጋይ ባትወረወር ኖሮ ጥይቱ ወደ ሰማይ ነበር የሚሄደው።

በሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ጎኔ ተቀምጦ እንደገና፣ «በራች ወይ?» ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞረ። ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «በርታለች አባዬ፣ ሁለቴ» አልኩት። ጭኑን መትቶ እስከ ቡራዩ ድረስ ሲስቅ ሄደ። ቤት ከገባን በኋላ ሱሪውን እያደረቅሁ መሣሪያው ወደ እሱ ዞሮ እንደነበር ነገርኩት፤ ያን ያህሉን መደበቅ አልቻልኩም። እሱም ራሴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ።

ጽሑፉን አስረክቤ ተመርቄያለሁ። «በነፋስ ሞገድ ላይ አልተሞከረም» ብዬ ጻፍኩ፤ አማካሪዬ ቅር እያላቸው ተቀበሉት። ሁለቱን ብልጭታዎች አልጻፍኳቸውም።

አባቴ ግን ታሪኩን ሰበታ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም። ለጡረተኛ ጓደኞቹ፣ ለዕድሩ፣ ለባለ ሱቁ፣ በዚያ በሚጮህ ድምፁ ይናገራል። «ክላሽ ደግነውብኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር! ይቺ ልጄ በድንጋይ አዳነችኝ! ድንጋይ ባትወረውር ኖሮ ዛሬ የለሁም!» ሰዎቹ እኔን እያዩ ይመርቁኛል። እሱ ደግሞ እንድመሰክርለት ቀኝ ጆሮውን ወደ አፌ ያዞራል።

«አይደለም እንዴ?» ይለኛል።

«ነው አባዬ» እላለሁ። እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ነው የምለው።